የጎበጠው ወሰን

«ይኼን ያሰመረው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል» አለ ዳምጠው፣ ፊት ለፊቱ የተያዘችውን ወረቀት በአገጩ እየጠቆመ።

ወረቀቷ መዳፍ ብታህል ነው፤ በጥቋቁር መስመሮች እንደ መስኮት ፍርግርግ ተሸንሽናለች፤ መካከሏ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ዶክተር ህሊና ግራ ዓይኑን በመሸፈኛ ጋርዳ «ነጥቧን ብቻ ይዩ» ብላዋለች። እሱ ነጥቧን ሊያገኛት አልቻለም። ያገኘው ሌላ ነው፤ መስመሮቹ ከዳር ደህና ተነሥተው መሐል ሲደርሱ ይጎብጣሉ፤ አንዳንዶቹም ተያይዘው ወደ ጎን ይሸሻሉ። የሀብሩ ወረዳን እርከንና የወሰን ድንጋይ በዓይኑ ሲያቃና ያረጀ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«የቱ ጋ ነው የተንቀጠቀጠው አባባ?» አለች ዶክተሯ።

«መሐሉ ነዋ! ዳር ዳሩን ደህና አድርጎ መጥቶ መሐል ሲደርስ ሰክሯል።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ልጁ ውባለም ሳቀች። መርሳ ላይ አስተማሪ ናት፤ ዛሬ ጠዋት ለምናም ተቆጥታም ወልድያ ድረስ ያመጣችው እሷ ናት። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። መሸፈኛውን ከግራ ዓይኑ ላይ አንሥታ ቀኙን ጋረደችና ያችኑ ወረቀት መልሳ ያዘችለት።

ዳምጠው አንገቱን አስግጎ አየ።

«አሁንስ?»

«ሌላ ወረቀት ነው ያመጣሽው።»

«ያው ነው አባባ።»

«ሌላ ነው እንጂ! ይኼ ቀጥ ያለ ነው።»

ወረቀቷን ከእጇ ወስዶ ራሱ ያዛት። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ፤ መስመሩ ቀጥ አለ። ግራውን ሸፈነ፤ ጎበጠ። ደገመው። ወረቀቷን አዙሮ፣ ዘቅዝቆ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ሞከረ። ያው ነው። ሲገባ ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ወይኔ ሙጃሂድ» አለ።

ዶክተሯ ሙጃሂድ ማን እንደሆነ አታውቅም። ውባለም ግን ወዲያው ገባትና ግድግዳውን ተደገፈች።

የዳምጠውና የሙጃሂድ እርሻ ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎን ለጎን ነው። በመካከሉ ያለውን ወሰን በመሬት ድልድሉ ጊዜ ሁለቱ ራሳቸው፣ ያኔ ጎረምሶች ሳሉ፣ ገመድ ይዘው አስምረው ድንጋይ ተክለውበታል። ከዚያ ወዲህ የዳምጠው ዓይን ስም አወጣ። እርከን ሲሠራ፣ የሠርግ ዳስ ሲተከል፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲታጠር፣ የመስጊድ መሠረት ሲወጣ «ዳምጠውን ጥሩት» ይባላል። ይመጣል፤ ይንበረከካል፤ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ ያነጣጥራል፤ «ያቺን ችካል ወደ ፀሐይ መውጫ ጣት ታህል» ይላል። ማንም አይከራከረውም።

ባለፈው ኅዳር ጤፉ ታጭዶ ወሰኑ ሲገለጥ እንደ ልማዱ ተንበርክኮ አነጣጠረ። መስመሩ መሐል ላይ ሆዱን ወደ እሱ መሬት ገፍቶ አየው። «ሙጃሂድ ድንጋይ እያንፏቀቀ መሬት ቆርሶብኛል» አለ። ሙጃሂድ በመጀመሪያው ቀን ሳቀ፤ በሁለተኛው ቀን ተቆጣ። ሽማግሎች መጥተው ሲያዩት ለእነሱ ቀጥ ያለ መሰላቸው፤ ግን የዳምጠውን ዓይን ትተው የራሳቸውን ማመን አፈሩ። ገመድ ይዘርጋ ተባለ። ተዘረጋ። ዳምጠው አነጣጠረና «ገመዱን አርግባችሁታል» አለ። ወጠሩት። «አሁንም ረግቧል» አለ። ሊበጠስ እስኪደርስ ወጠሩት፤ ለእሱ እንደጎበጠ ቀረ፤ በዚያው ተጣሉ።

ገመድ ያልፈታው ነገር የሚሄደው ወደ መሐላ ነው። ሙጃሂድ ዛሬ ከአሱር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ወሰኑ ላይ ቆሞ፣ ቁርአን ላይ እጁን ጭኖ ሊምል ነው። በዚያ አገር ሐቀኛ ሰው እውነቱን ይዞም ቢሆን መማል ይፈራል። የማለና ያስማለ ደግሞ ከዚያ በኋላ እሳት አይጫጫሩም፤ ለሠርግም ለለቅሶም አይደራረሱም፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ይወርሳሉ። እነዚህ ሁለቱ እኮ ለፋሲካም ለኢድም አንዱ ያለ ሌላው ውለው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ውባለም አባቷን ያመጣችው ለክሱ ብላ አልነበረም። ሰሞኑን ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈስ አይታው ነው። እሱ ደግሞ ሞራ ነው ብሎ ደምድሟል፤ ሞራውን ገፍፈው በጊዜ ይሸኙኛል፣ ለመሐላው በጠራ ዓይን እደርሳለሁ ብሎ ነው እሺ ያላት።

ዶክተር ህሊና በመሣሪያው የተነሣውን የዓይኑን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየቻቸው። ደርብ ደርብ ያለ ነገር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከሥሩ ተነፍቶ ተነሥቷል።

«ሞራ አይደለም አባባ። ከዓይንዎ ጀርባ ማኩላ የምንላት ትንሽ ቦታ አለች። ፊት የምትለየው፣ መስመር የምታየው እሷ ናት። ዕድሜ ሲገፋ ትደክማለች። በቀኝ ዓይንዎ ከሥሯ ደካማ የደም ሥሮች በቅለው እያፈሰሱ ነው። ሊሾ ወለል ሥሩ ውኃ ሲገባበት አይነሣም? እንደዚያ ሆኗል። ለዚህ ነው ቀጥ ያለው የሚጎብጥብዎት።»

«ግራውስ?»

«ግራውም ጅምር አለው፤ ግን ደረቁ ዓይነት ነው፤ አያፈስም። በየጠዋቱ አንዱን ሸፍነው በሌላው እያዩ ይጠብቁታል። መስመር የጎበጠብዎት ቀን ሳያድሩ ይመጣሉ።»

«የቀኙ መድኃኒት አለው?»

«አለው። መርፌ ነው። ዛሬውኑ ብንጀምር ደስ ይለኛል።»

ዳምጠው የሸሚዙን እጅጌ መሰብሰብ ጀመረ።

«ክንድዎ ላይ አይደለም አባባ። ዓይንዎ ውስጥ ነው።»

ቀልድ መሆኑን እንድትነግረው ወደ ልጁ ዞረ። ውባለም አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ እጅጌውን መልሶ ዘረጋና ተነሣ።

«እንግዲያው ለሌላ ቀን ይሁን። እኔ አሁን መሄድ አለብኝ።»

«አባባ፣ እኔ ከደሴ የምመጣው በወር አንድ ቀን ነው። እስከ ወሩ ካፈሰሰ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ጠባሳ ከሆነ በኋላ መርፌም አይመልሰውም።»

«ይቅርብኛ! በአንዱ ዓይን የሚኖር ሞልቷል። በሐሰት የተከሰሰ ሰው ሊምል ነው፤ የከሰስሁት ደግሞ እኔ ነኝ።» ወደ በሩ ተራመደ።

ውባለም ስልኳን አወጣች። ሙጃሂድ ስልኩን ዘግቷል። የሽማግሎቹ ሰብሳቢ ሼህ ኢዘዲን ግን አነሡላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለአባቷ ያዘችለት።

«ሼህ፣ ዳምጠው ነኝ። መሐላውን አስቁሙልኝ። ክሴን አንሥቻለሁ።»

«በስልክ?» አሉ ሼህ ኢዘዲን። «ስትከስ ሰው ፊት ቁመህ ነው፤ የምታነሣውም እንደዚያው ነው። ሥርዓቱን አንተ አጥተኸው ነው?»

«እንግዲያው ለነገ ያቆዩት።»

«እኔ ባቆየው ሙጃሂድ እንቢ ብሏል። ‹ስሜ ቆሽሾ ሌላ ሌሊት አላድርም› ነው የሚል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝማ ዳምጠው፣ አንድ መንገድ አለ። ‹ለፈጣሪ ብዬ ምሬዋለሁ› በለኝና እኔው ለሰዉ ላድርስልህ። ለምሕረት መምጣት ግድ አይልም። መሐላው ይቀራል፤ ያንተም ክብር አይነካ።»

ዳምጠው አፉን ከፈተ። መንገዱ ለጥ ያለ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ደግሞም የሚያስመሰግን ቃል። ነገም ዳስ ሲተከል ይጠራል፤ ነገም ተንበርክኮ «ጣት ታህል» ይላል፤ የዓይኑን ነገር እሱና ልጁ ይዘውት ይቀመጣሉ። ሙጃሂድ ግን ምሕረት የተደረገለት ሌባ ሆኖ ይቀራል። ገበያ ላይ ሲያልፍ «ዳምጠው ባይምረው ኖሮ» ይባልበታል።

«እመጣለሁ» አለና ስልኩን ለልጁ መለሰላት። መጥቶ ምን እንደሚል ግን ለራሱም አልነገረውም።

«መርፌው ራሱ ጊዜ አይወስድም» አለች ዶክተሯ። «የሚያቆየን ወረፋው ነው።»

«ወረፋውን ከለቀቁልኝ ውጊኝ» አለ ዳምጠው።

ኮሪደሩ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠ ሰው አግዳሚውን ሞልቶታል። ውባለም ወጥታ ነገሩን ነገረቻቸው፤ ስልሳ ልጅ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ስለሆነች መጨረሻ ላይ ያለውም ሰማ። ከሐራ የመጣች፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ የተከናነበች ሴትዮ መጀመሪያ ተናገረች።

«እኔን ቤት የምትጠብቀኝ ላም ናት። ላም ደግሞ አትምልም። ይግቡ አባቴ።»

ከጎኗ ያለው ሽማግሌም «ይግቡ» አለ። ኮሌታውን ያሳመረ አንድ የቢሮ ሰው ስለ ተራ ሊያጉረመርም ጀምሮ ግራ ቀኙን ሲያይ ሁሉም እያየው ነው፤ ብድግ አለና ራሱ ያመነጨው ሐሳብ ይመስል «ይግቡ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ!» ብሎ በሩን ከፈተለት። ዳምጠው ሁሉንም እጅ እየነሣ አለፈ። ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል ደግ የሚሆን ሕዝብ ውስጥ እሱ የሚያውቀውን ሰው ሌባ ማለቱ አቃጠለው።

በጀርባው ተኛ። ጠብታ አደነዘዘው፤ ቡናማ መድኃኒት አጠበው፤ የዓይኑ ቆብ እንዳይከደን በአንዳች ነገር ተያዘ። «ወደ ግራ ይዩልኝ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አለች። ይፈራ የነበረው መርፌው ሲመጣ ማየቱን ነው፤ አላየውም። ጫን ያለ ነገር ተሰማው፤ ከዚያ ጥቋቁር አረፋዎች ዓይኑ ውስጥ ሲዋኙ አየ።

«አለቀ አባባ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። በየወሩ እየተመለሱ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አይተን እንወስናለን።»

«ይቃናል?»

«መፍሰሱን የምናቆመው ይመስለኛል። ብዙ ሰው ይሻለዋል። ሙሉ በሙሉ ይድናል ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

«አትማይ ልጄ» አለ ዳምጠው። «መሐላ ጠልቻለሁ።»

በነጭ ጨርቅ ሸፍና በፕላስተር ለጠፈችለት። እስከ ማታ እንዳይነካው፣ እንዳያሸው፣ ሕመም ከባሰበት ወይም ማየቱ ከቀነሰ በዚያው ሰዓት እንዲደውሉ ለውባለም ነገረቻት። ዳምጠው ግን ደጅ ደርሷል።

ከወልድያ የሚነሣው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆመ። ውባለም የቀረውን መቀመጫ ከፍላ አስነሣችው። ዳምጠው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በግራ ዓይኑ ዓለምን መመርመር ጀመረ። የአስፋልቱ ነጭ መስመር ቀጥ ያለ ነው። የመብራት ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድ ግንበኛ አዲስ ቤት ላይ የደረደረው ብሎኬት እንኳ ቀጥ ብሏል፤ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሲያልፉ «ይኼ ቤት ይወድቃል» ብሎ ለልጁ ነግሯት ነበር። ለወራት ሰው ሁሉ ሥራ ጠልቶ፣ ዘመኑ ተበላሽቶ፣ አገሩ የተንጋደደ መስሎት ሲበሳጭ ኖሯል። አሁን ደስታ እንደ ልጅ አደረገው። አገሩ ደህና ነው!

ወዲያው ደስታው ውስጥ ሌላው ነገር ገባበት። ምሬዋለሁ ማለት አሁንም ይቻላል። ፕላስተሩን ለጠየቀው «ሞራ ነው» ቢል የሚያውቅ የለም።

«አባዬ» አለች ውባለም ፊቱን ስታየው ቆይታ። «ሼሁ ያሉዎትን እያሰቡ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ቢሉም አልፈርድብዎትም።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጅ ፊት የማይፈረድበት ነገር ራስ ፊት ምን ይሆናል? መርሳ እስኪደርሱ መስኮቱን አልለቀቀም።

መርሳ ላይ ባጃጅ ያዙ። የግራና መንገድ አቧራ ነው፤ ውባለም ነጠላዋን አውልቃ ፕላስተሩ ላይ ጋረደችለት። ማደንዘዣው እየለቀቀ አሸዋ እንደገባበት ይቆጠቁጠዋል። መንገድ ላይ ካለው መስጊድ ሰው ጫማውን እያጠለቀ ይወጣ ነበር። አሱር ተሰግዷል። ዳምጠው የባጃጁን ነጂ ትከሻ ያዘው።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ከዚህ በላይ አይሮጥም?»

«ይሮጣል አባ፤ አቧራው ለዓይንዎ...»

«ዓይኔን ተወው!»

ሕዝቡ ከሩቅ ታየ፤ በታጨደው ማሳ ላይ ግማሽ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። ሙጃሂድ ጫማውን አውልቆ መሐል ቆሟል፤ ውዱእ ብሎ የታጠበበት ውኃ ከክንዱ ገና አልደረቀም። ሼህ ኢዘዲን ቁርአኑን በነጭ ጨርቅ ላይ ይዘውለታል። ባጃጁ ሳይቆም ዳምጠው አንድ እግሩን አወረደ።

«እንዳይምል! ያዙልኝ፣ እንዳይምል!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው በማሳው ገለባ ላይ እየተደናቀፈ፣ አንድ ዓይኑ በነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ልጁ ከኋላው እየሮጠች መጣ። «ምነው፣ ማን መታው?» አለ አንዱ። ሙጃሂድ ብቻ አልዞረም፤ ቁርአኑ ላይ እንዳተኮረ ነው።

ዳምጠው ፊቱ ሄዶ ቆመ። ትንፋሹ አልመለስለት አለ።

«ክሴን አንሥቻለሁ» አለ።

ከሕዝቡ የእፎይታ ጉምጉምታ ተነሣ። «ተመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ከዚህም ከዚያም ተሰማ። ሼህ ኢዘዲን ቁርአኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ሙጃሂድ ግን እጁን ከዘረጋበት አልመለሰም።

«ምረኸኝ ነው?» አለ። «ምሕረትህን አልፈልግም። ወላሂ አልፈልግም። የሰረቅሁት የለኝምና ምሕረት አይገባኝም። ሼህ፣ ያምጡት፤ እምላለሁ።»

ዳምጠው ሕዝቡን አየ። ሁሉም እሱ ያሰመረለትን እርከን የሚያርስ፣ እሱ ባቃናው ዳስ የተዳረ ነው። ከዚያ ከኋላ የቆመ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ምን አድርገኸኝ ነው የምምርህ? የጎበጠው ወሰኑ አይደለም፤ የጎበጠው ዓይኔ ነው። ዛሬ ወልድያ አሳዩኝ። ቀኝ ዓይኔ ቀጥ ያለውን አጣሞ ነው የሚያሳየኝ። ገመዱም አልረገበም ነበር። ሙጃሂድ አንዲት ጠጠር አላነሣም። ሌባ ያልሁት በታመመ ዓይኔ ነው፤ ጤነኛው ዓይኔ እያለ ደግሜ ሳላይ። ይኼንን የሰማ ላልሰማ ይንገርልኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዓይን እንዴት እንደሚጎብጥ ያልገባው ብዙ ነው፤ ዳምጠው ተሳሳትሁ ማለቱ ግን ለሁሉም ገብቶታል።

ሙጃሂድ እጁን አወረደ። «በጤነኛው አይተኸዋል?» አለ።

«ወሰኑን? ገና ነኝ። በቀጥታ ከሐኪም ቤት መምጣቴ ነው።»

«ሳታየው ነው ያነሣኸው?»

«ሳላየው።»

«እንግዲያው እየው» አለ ሙጃሂድ። «ሰው ሁሉ ባለበት እየው።»

ዳምጠው ወደ ወሰኑ ጫፍ ሄደ። ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል ጥርጣሬ ገባው። ዶክተሯ ስለ ወረቀቷ እንጂ ስለዚህ መሬት የምታውቀው የለም። ቢጎብጥስ? ተንበርክኮ አገጩን ወደ መጀመሪያው ድንጋይ አወረደ። ቀኙ ተሸፍኗል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጨፍነው የኖረውን ግራ ዓይኑን ከፈተና አነጣጠረ።

ከመጀመሪያው ድንጋይ ኋላ ሁለተኛው ተሰወረ፤ ከሁለተኛው ኋላ ሦስተኛው። እንዲሁ እስከ ማሳው መጨረሻ፣ እስከ ቦዩ ድረስ፣ ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይዘው እየተሳሳቁ በተከሉት ጊዜ እንደነበረው። ዳምጠው እንባው መጣ። ዶክተሯ እንዳያሸው ያለችውን አስታወሰና ዝም ብሎ አፈሰሰው።

«ቀጥ!» ብሎ ጮኸ።

እርከን ሲሠራ መስመሩ ሲገጥም የሚላት ቃሉ ናት፤ አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ ሼህ ኢዘዲን ቁርአኑን ሳይገለጥ በጨርቁ ጠቀለሉት። ዳምጠው ብድግ ሲል ሙጃሂድ ፊቱ ቆሟል። ጢሙ ሸብቷል፤ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ከስቷል። ዳምጠው ከኅዳር ወዲህ ይህን ፊት ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር፤ ይኼኛው ጥፋት ግን በዓይን ሕመም የሚሳበብ አይደለም።

«ካሳ አለበት» አሉ ሼህ ኢዘዲን። «ሙጃሂድ፣ የተበደልኸው አንተ ነህ። ካሳህን ተናገር።»

በግ ይላል ያለ ነበር፤ ወይፈን ይላል ያለም ነበር። ሙጃሂድ ወደ ፕላስተሩ ጠጋ ብሎ አየው።

«ምን አድርገውህ ነው?»

«መርፌ። ዓይኔ ውስጥ።»

«ያረህማን! ዓይንህ ውስጥ?» ሙጃሂድ የራሱን ዓይን በእጁ ሸፈነ። «አለቀልህ ወይስ ሌላም አለ?»

«በየወሩ ነው» አለች ውባለም።

ሙጃሂድ ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። «ካሳዬን ልናገር። በየወሩ ወልድያ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ። ከውጭ አልቀመጥም፤ ገብቼ፣ አጠገቡ ቁሜ ሲወጉት አያለሁ።»

ማሳው በሳቅ ሞላ። ዳምጠው ሲስቅ ዓይኑ ቆጠቆጠውና መልሶ ሳቀ።

«አንተ? ክትባት ሲመጣ ጎተራ ሥር የምትደበቀው? ወድቀህ ታዋርደኛለህ እኮ!»

«አብሽር» አለ ሙጃሂድ፣ የዳምጠውን ክንድ በብብቱ ሥር አድርጎ አጥብቆ እየያዘ። «ስወድቅ ታየኛለህ። በሁለቱም ዓይንህ።»